የጤዛ ባንድ ምርጥ ዘጠኝ

ጤዛ ባንድ በዕድሜው አንድም አልበም አላወጣም፤ «ምርጥ ሥራዎች» ግን ወጣለት። አትሳቁ፤ እኔ ስቄ ጨርሻለሁ። በ2005 ዓ.ም. ሚዛን ተፈሪ ላይ ትልቅ የባህል በዓል ይከበራል ተባለና የበዓሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ «የአካባቢያችን አንጋፋ ባንድ ምርጥ ሥራዎች በሲዲ ይውጡ» ብሎ ወሰነ። ኮሚቴ መቼም መወሰን አይሰለቸውም። አንጋፋ ባንድ ቢፈለግ ቢፈለግ የተገኘው ጤዛ ነው፤ ጤዛ ደግሞ ከተፈጠረ እስከ ፈረሰ ድረስ የቀረጸው ዘፈን ዘጠኝ ብቻ ነው። የባንዱን ጊታሪስት ባዘዘውን አስጠርተው «ከዘጠኙ ምርጦቹ የትኞቹ ናቸው?» ቢሉት፣ ሰውየው ቅንድቡን እንኳ ሳያነቃንቅ «ዘጠኙም» አላቸው።

ባዘዘው ማለት እንዲህ ነው። አቶ ልበለው ብዬ ነበር፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሚዛን ገበያው ግርጌ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። እጁ እንከን አይወጣለትም፤ የሞተ ሬዲዮ ያስነሳል። አፉ ግን በቁሙ ያለ ሰው ይቀብራል። ጨርቅ ነጋዴዋ ዙሌይካ «ድምፁ ይንሻፈፍብኛል» ብላ ሬዲዮዋን ብታመጣለት፣ ከፍቶ አየና «ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው አንቺ የምትሰሚው ዘፋኝ ነው» ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ ሁለተኛ ደጁን አልረገጠችም። በአንድ ኪቦርድ ሠርግ የሚያደምቁትን ወጣቶች «የበር ደወሎች» ይላቸዋል። የሠርግ መኪና ሙዚቃውን ለቆ ባለፈ ቁጥር፣ በዚያ ሁሉ ወበቅ፣ የሱቁን በር ጥርቅም ያደርጋል። ደንበኛ ውስጥ ካለ አብሮ ይቀቀላል።

ሚስቱ ሰርካዲስ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ዝም የምታሰኝ ሴት ይህን አንድ ሰው ዝም ማሰኘት አቅቷታል። «የባዘዘው ጆሮዎች ሥራ ተከፋፍለዋል» ትላለች ለጎረቤት፤ «አንዱ የራሱን ጊታር ይሰማል፣ ሌላው የራሱን ወሬ።»

ይህ ሁሉ ንቀት ግን ለሰዉ የሚበተን ፍርፋሪ ነው። ዋናው እንጀራ የተቀመጠው ለአንድ ሰው ነበር፤ ለባንዱ ዘፋኝ ለታምሩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስሙን ሳያነሳ «ያ ሰውዬ» ሲል ኖረ። በዚህ ሲዲ የተስማማውም ለከተማው ፍቅር እንዳይመስላችሁ። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ጊታሩ ሰው ፊት ይሰማለትና «ይህን የመሰለ ነገር ነው ያ ሰውዬ ያበላሸብኝ!» ብሎ አፉን ሞልቶ ለመናገር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የቡና እርሻ ነው። ደርግ ወድቆ የእርሻው የኪነት ቡድን ሲበተን መሣሪያዎቹ የሠራተኞች ክበብ መጋዘን ውስጥ ተጣሉ። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ የተጣፈ ድራም፣ አንድ ማጉያ፣ በሁለት ጎማ የሚሽከረከር ትልቅ የሪል ቴፕ። ባዘዘው ያኔ የእርሻው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም እሱ። መጋዘኑን አስከፍቶ ጊታሩን ጠራርጎ ማጉያው ላይ ሲሰካው የተቆጣ ውሻ ዓይነት ድምፅ ወጣ። የስፒከሩን ወረቀት አይጥ በልታዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ስፒከሩን ይቀይራል፤ ባዘዘው ግን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና «ይሄ ነው! ሮክ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ደግሞም ነበር፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። በኋላ ግን «ስፒከሩን ሆን ብዬ በምላጭ የቀደድኩት እኔ ነኝ» እያለ ማውራት ጀመረ። አይጧ ለምስክርነት አትመጣ!

ድራም የሚመታው ከፈለኝና ቤዝ የሚጫወተው እንድርያስ ጨዋና ዝምተኛ ሰዎች ስለነበሩ እዚህ ወሬ ውስጥ ብዙ ቦታ የላቸውም። ታምሩ ከጌጫ ደጋ ወርዶ ቡና ማጠቢያው ላይ የተቀጠረ ሰው ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከሆዱ የሚወጣ። አፉን የፈታው በሸካ ቋንቋ ነውና አማርኛው አልፎ አልፎ ያደናቅፈዋል። ባዘዘው ልምምድ ላይ በየመስመሩ ያስቆመዋል፤ «እንደገና! ምላስህን የት ነው የጣልከው?» ይለዋል። ታምሩ ሳቅ ይልና ይደግመዋል። ሰው ቆሞ ሲያይ ግን አይስቅም ነበር። ባዘዘው ይህን አላየም፤ የሌላ ሰው ፊት ማየት ልማዱ አልነበረም።

በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዘጠኙን ዘፈን ቀረጹ። እርሻው ያለው ያ አሮጌ ጄኔሬተር ብቻ ነው፤ እሱም ቀን ቀን የሚነሳው ቡና በሚታጠብበት ወራት ነው። ከሰዓት በኋላ የተለቀመው ቡና ሲገባ መፈልፈያ ማሽኖቹ ይነሳሉ፣ ጄኔሬተሩ ያቃስታል፣ የክበቡ አምፖል እንደ ፍም ይቀላል። ጤዛዎች በዚያ ቀይ መብራት ይቀርጻሉ። አንድ ቀን ከፈለኝ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ «መብራቱ በጣም ደክሟል፤ ማሽኖቹ እስኪቆሙ ብንጠብቅስ?» አለ።

«ጄኔሬተሩን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለው ባዘዘው። ከፈለኝ የድራም እንጨቶቹን አነሣ።

ሲጨርሱ እዚያው ክበብ ውስጥ፣ በዚያው ቴፕ፣ በዚያው ቀይ መብራት ከፍተው ሰሙት። ቡና ለቃሚዎቹ ሁሉ መስኮት ላይ ተደርድረው ነበር። የባዘዘው ጊታር ያጉረመርማል፣ የታምሩ ድምፅ ከሥር ይነሳል። እኔም መስኮቱ ላይ ነበርኩ፤ ያማረ ነገር ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ባዘዘው አንዲት ሴት እያለቀሰች አይቶ «ገና የመጀመሪያው ነው፣ ዕንባሽን ቆጥቢ» አላት።

ዘፈኖቹ የተቀረጹበትን ሪል አዲስ አበባ ላለ ሙዚቃ ቤት የሚያደርስ ሰው አስፈለገ። ባዘዘው ጄኔሬተሩን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ታምሩ ሄደ፤ ሪሉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ፕላስቲኩን በጋቢው ጠቅልሎ፣ በጅማ በኩል ሁለት ቀን በአውቶቡስ። በሳምንቱ ወደ እርሻው ቢሮ ስልክ ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ የተሰማው «ስቀውብናል... ስመጣ እነግራችኋለሁ» የሚል ብቻ ነው። ወሬው ታምሩን ቀድሞ ቴፒን አዳረሰ።

ታምሩ ቴፒ መናኸሪያ ሲወርድ ባዘዘው ከነጭፍራው ቆሞ ይጠብቀዋል። እንዴት ከረምክ የለ፣ መንገዱ እንዴት ነበር የለ። «ሪሉን አምጣ!» ብሎ ነጠቀውና እግሩ ሥር ምራቁን ተፋ። ሰውን ሁሉ አስከትሎ ወደ ክበቡ ሄደ። ጊዜው ገና ኅዳር መባቻ ነው፤ ማሽኖቹ ይፈለፍላሉ፣ አምፖሉ ቀልቷል። ሪሉን ሰክቶ ለቀቀው። ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፣ አንድ ነገር አልጎደለበትም።

«ሰማችሁ?» አለ ባዘዘው። «ሰማችሁ ወይ? ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አለ? ሰውየው ሙዚቃ ቤት ደጃፍም አልደረሰ! የሆነ ቡና ቤት ሲጠጣ ከርሞ ነው የመጣው!»

ታምሩ በሩ ላይ ቆሟል። ስልኩ ላይ ያለው ሌላ፣ አሁን የሚሰማው ሌላ። አፉን ከፈተ፣ «ባዘዘው፣ እዚያ ያሉኝ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ መጀመሪያ አማርኛ ተማርና ትናገራለህ!»

ሰዉ ሳቀ። ታምሩ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰድዶ ነበር። ባዶውን መልሶ አወጣውና ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፍኖ አያውቅም። ጤዛም በዚያው ፈረሰ።

አሥራ አምስት ዓመት! ባዘዘው ክበቡ ዕቃዎቹን ሲያስወግድ ያንን ቴፕ ገዝቶ፣ ሰርካዲስን አግብቶ ሚዛን ገባ። ሪሉን በቆርቆሮ ሣጥን ከትቶ «የሚለምነኝ እስኪመጣ አልከፍተውም» ብሎ ማለ። የታምሩ እናት ጌጫ ላይ ስትሞት ሰርካዲስ «ተው፣ ሞት ነው፣ እንሂድ» ብላ ለመነችው። «ያ ሰውዬ እኔን ገድሎ ማን ለቅሶ ደረሰኝ?» አላት። ብቻዋን ሄዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አልቅሳ ተመለሰች። የሰው እናት ሞታ ለቅሶ አለመድረስ እንግዲህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ለሲዲው ሥራ ኮሚቴው የመረጠው የምሕረትን ቤት ነው። ምሕረት ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ኮምፒውተር ቤት ያላት ቆፍጣና ሴት ናት፤ ፎቶ ታነሣለች፣ ጽሑፍ ትጽፋለች፣ ሲዲ ትገለብጣለች። ባዘዘው ከዘፈኑ በፊት ያዘዛት ሽፋኑን ነው። «ጊታርና ቀረጻ፦ ባዘዘው» የሚለው በትልቁ እንዲሆን አስደረገ።

«ዘፋኙስ ማን ልበል?» አለችው።

«‹ድምፅ፦ የባንዱ አባል› በይ። ይበቃዋል።»

ሦስት መቶ ሽፋን በዚህ መልኩ ታተመ። በማግስቱ ያን ትልቅ ቴፕ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ ሁለት ቀን ሲያጸዳው፣ ሲቀባው፣ ቀበቶውን ሲቀይር ሰንብቷል። ሪሉን ከሣጥኑ አውጥቶ እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ሰካው። «አሁን ጊታር ምን እንደሆነ ትሰሚያለሽ» አላት። ለቀቀው።

ጉድ ፈላ! ጊታሩ እንደ ትንኝ ይጮኻል። ድራሙ የሸሸ ፍየል ኮቴ ይመስላል። በላዩ ላይ የአራት ዓመት ሕፃን የሚመስል ድምፅ እየተጣደፈ ስለ ፍቅር ያለቅሳል። ምሕረት መያዝ አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ ጋሼ... ባንዱ የሕፃናት ነበር እንዴ?»

«ዝም በይ!» አለ ባዘዘው። ቴፑን አጠፋ፣ ከፈተ፣ ቀበቶውን አየ፣ ጎማውን ነካካ። ቴፑ ደህና ነው። ከእርሻው አብሮ የገዛው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የንግግር ሪል ነበረው፤ እሱን ሰክቶ ሞከረ። ተናጋሪው ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ይናገራል። የራሱን መልሶ ሰካ፤ ያው ሕፃን። «አበላሽቶታል» አለ፤ «ያ ሰውዬ የሆነ ነገር አድርጎታል።» ግን ታምሩ ከአዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ባዘዘው በገዛ ጆሮው ልክ ሆኖ ሰምቶታል። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ያሰማው እሱ ራሱ ነው።

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ሚዛን ላይ ወሬ አይደለም። ምሕረት ውጭ ያለችውን ትንሽ ጄኔሬተር አስነሳች፤ ከዚያች ጄኔሬተር የጎረቤቷ የአስካለች ጭማቂ ቤት ፍሪጅም ይስባል፣ መፍጫውም። ቴፑ እንደተከፈተ ነበርና ቀጠለ። መጀመሪያ ያው ሕፃን። ቀጥሎ አስካለች መፍጫዋን ስታስነሳ ጄኔሬተሯ አቃሰተች፤ የምሕረት አምፖል ቀላ። ድምፁም ወረደ። ወፈረ። ዝግ አለ። የታምሩ ድምፅ፣ ከሆዱ የሚወጣው፣ ቤቱን ሞላው። ከላዩ የባዘዘው ጊታር አጉረመረመ። አስካለች ጭማቂዋን ጨርሳ መፍጫውን ስታጠፋ ሕፃኑ ተመልሶ መጣ።

ባዘዘው ቁጭ አለ። ያ ቴፕ የሚሮጠው በመብራቱ ጉልበት ልክ ነው። በደከመ መብራት የቀረጸውን በደከመ መብራት ሲከፍተው ልክ ይመጣል፤ ጤነኛ መብራት ላይ ሲከፍተው ይሮጣል። ይህን ሬዲዮ መጠገን የጀመረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ኤሌክትሪሺያኑ ነበር። ከፈለኝ ሳይቀር ነግሮት ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች የሳቁት ልክ አሁን ምሕረት በሳቀችበት ነገር ነው፤ ታምሩም ቃል በቃል እውነቱን ነበር የተናገረው።

«ጋሼ» አለች ምሕረት ፊቱን አይታ፣ «አይጨነቁ። በኮምፒውተር ወደ ልኩ እንጎትተዋለን፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ማንም አያውቅም።»

ማንም አያውቅም። ባዘዘው ይህችን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎት ነው የገባው። ጊታሩ ይሰማል፣ «ያ ሰውዬ» እንደነበረ ይቀራል፣ ነገር ተዘጋ። ምሳ ቀርቦለት ግን አልነካውም። ሰርካዲስ «ምን ሆንክ?» ስትለው ሳያስበው ሁሉንም ዘረገፈላት። እሷም ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና ሳትል «እናቱን እንኳ አልቀበርክለትም» አለችው። ይህችን ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ቴፒ ወረደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል እንዳለበት እንዳታስቡ፤ «የመብራቱ ጥፋት ነው» የሚል ነው፣ «ዘመኑ ነው» የሚል ነው፣ «ሁለታችንም ወጣት ነበርን» የሚል ነው። ሰው እንዲህ ሆኖም ይሄዳል።

ታምሩ የቅመም ነጋዴ ሆኗል። ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ በየጆንያው ተደርድሮ፣ እሱ መሃል ላይ ቁንዶ በርበሬ እየለቀመ ነው። ፀጉሩ ነጥቷል። ባዘዘውን ሲያየው እጁ እንኳ አልቆመም።

«ስንት ኪሎ?» አለው።

«ታምሩ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ። ስንት ኪሎ?»

ያ ሁሉ የተዘጋጀ ንግግር ድራሹ ጠፋ። ባዘዘው ከጆንያዎቹ መሃል ቆሞ ፈተና እንደከበደው ተማሪ እየተንተባተበ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቴፑ፣ ስለ አስካለች መፍጫ ተናገረ። «ለካ... የሆነው እንዲህ ነው» ብሎ ጨረሰ።

«አውቃለሁ» አለ ታምሩ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

ታምሩ ተነሣ። ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። በሙዚቃ ቤቱ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። ቀረጻው የተሠራው በደካማ መብራት ስለሆነ ፍጥነቱ ተዛብቷል፣ ነገር ግን ሥራውን ወደነዋል፣ በተለይ ጊታሩን፤ ጊታር ተጫዋቹን ይዛችሁ ኑና በእኛ ስቱዲዮ ደግመን እንቅረጸው፣ ይላል። ቀኑ የ1990 ጥቅምት መጨረሻ ነው። ባዘዘው ሦስቴ አነበበው። «በተለይ ጊታሩን» የምትለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ አልንቀሳቀስ አለ።

«ይሄ...»

«ያን ዕለት ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ ታምሩ። «መጀመሪያ ሳቁብኝ። የገዛ ድምፄ እንደዚያ ሆኖ ሲወጣ፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ፣ ቆሜ ሰማሁ። ወንበር የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ኋላ አንዱ ባለሙያ ነገሩ ገባውና ይህን ጻፈልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቴ ላይ አቅፌው መጣሁ። አንተ ምራቅህን ተፋህብኝ። ‹ምን አሉህ?› ብትለኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር። ሁለት ቃል ናት፣ ባዘዘው። ሁለት ቃል! በኋላም ጠበቅኩህ። እናቴ ስትሞት ይመጣል፣ ያኔ እሰጠዋለሁ አልኩ። ድንኳኑ እስኪነሣ በር በሩን ሳይ ነበር።»

«ለምን በሰው አልላክህልኝም?» አለ ባዘዘው።

«ስለናቅኩህ» አለ ታምሩ፣ ረጋ ብሎ። «አንተ ናቅከኝ፣ እኔም ናቅኩህ። ይቆይለት፣ ሳያውቅ ይኑር አልኩ። ከፈለኝንና እንድርያስን ግን አብሬ በደልኳቸው፤ እሱ የእኔ ዕዳ ነው፣ አንተ አትግባበት።»

ባዘዘው ወረቀቱን ሊመልስለት ዘረጋ። ታምሩ አልተቀበለውም። ቁንዶ በርበሬው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ልጅቷ በኮምፒውተር ታስተካክለዋለች አልክ?»

«አዎ። ስምህንም በትልቁ...»

«ስሜን ተወው። አንድ ነገር ነው የምፈልገው። አዳራሹ ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ ባለበት፣ መጀመሪያ ያ ይሰማ። ያ እኔ የሰማሁት። ማን እንደቀረጸው በአፍህ ተናገር። ከዚያ ቆመህ ስማው፤ እኔ ቆሜ ነው የሰማሁት። ይህን ካደረግህ የቀረውን እንደፈለግህ አድርገው። ካላደረግህ ድምፄን አታውጣ፤ ድምፁ የእኔ ነው።»

ባዘዘው ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሚዛን ሲደርስ በቀጥታ ምሕረት ዘንድ ሄደ፤ «ሁለት ሲዲ ሥሪልኝ» አላት፤ «አንዱ እንዳለ፣ አንዱ የተስተካከለ።» ቀጥሎ ሦስት መቶውን ሽፋን ሱቁ አስገብቶ ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። «የባንዱ አባል» የሚለውን በእስክሪብቶ እየሰረዘ በእጁ «ታምሩ» ብሎ ጻፈበት፤ ሦስት መቶ ጊዜ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ያም ሆኖ ጻፈው።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ንግግር ተደረገ፣ ሌላ ንግግር ተደረገ፣ ስለ ንግግሩ ምስጋና ቀረበ። ታምሩ ዘግይቶ ገብቶ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ባዘዘው ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ፤ ማይክራፎኑን እንደሚጠግነው ሁሉ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያዘው። ሰርካዲስ ከታች ሆና ነጠላዋን ጥርሷ መሃል ይዛለች።

«አሁን የምትሰሙትን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለ። «ኤሌክትሪሺያኑም እኔ ነበርኩ። መብራቱ ደክሟል ብለው ነግረውኝ አልሰማሁም። አዲስ አበባ የወሰደው ታምሩ ነው፤ ተዋርዶ መጣ፤ እኔም ቴፒ ላይ አዋረድኩት። ውሸታም አልነበረም። ስሙት።»

ምሕረት ለቀቀችው። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፣ ትንኙ ጮኸ፣ ፍየሉ ሮጠ። አዳራሹ መጀመሪያ ፀጥ፣ ከዚያ አንድ ሰው ከት አለ፣ ከዚያ ሁሉም ፈነዳ። የኮሚቴው ሰዎች ሳይቀሩ ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ! «የበር ደወል» ሲላቸው የኖሩት ባለ ኪቦርዶች ከኋላ ሆነው እየተያዩ እግራቸውን ይመታሉ። ዙሌይካ «ሬዲዮው ጤነኛ ነው፣ ዘፋኙ ነው የተበላሸው!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። ባዘዘው መድረኩ ላይ ብቻውን ቆሟል። እጁን የሚያደርግበት አጣ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። አንዴም ግን አላጎነበሰም፣ አንዴም ስለ ከተማው ጆሮ አልተሳደበም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አውቄው፣ ሰው መስሎ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ታምሩ አልሳቀም። ዘፈኑ ሲያልቅ እጁን አንሥቶ ምሕረትን «አሁን የተስተካከለውን አድርጊው» አላት።

ከውጭ ለስላሳና ዳቦ እየታደለ ነው ተባለ። ግማሹ ሰው ተነሥቶ ወጣ፤ ሕዝብ እንዲህ ነው። ምሕረት ሁለተኛውን ሲዲ ከተተች፤ ጊታሩ አጉረመረመ፣ የታምሩ ድምፅ ከሥር ተነሣ። ባዘዘው አሁንም እንደቆመ ነው፤ መቀመጥ የተፈቀደለት አልመሰለውም።

ታምሩ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገለት።

«ና፣ ቁጭ በል» አለው።